ከግንቡ ውጭ የታየ ጨዋታ

ጎል ማግባት ማንም ዱርዬ ይችላል። ኳሷ የአንዱን ጉልበት ነክታ ትገባለች፣ አገር ይንጫጫል፣ አለቀ። ጎል እንዳይገባ መከልከል ግን ሥራ ነው። እንደ ቤት ማጽዳት ማለት ነው፤ ስትሠራው የሚያይልህ የለም፣ ያልሠራኸው ቀን ግን ሁሉም ያይሃል። በዚህ ጉዳይ ከእኔ ጋር የማይስማማ ሰው ወይኑን ጨልጦ ወደ ሌላ ባር መሄድ ይችላል። እርግጥ ትንሿ ከተማችን ካስቴልሮቬ ውስጥ ሌላ ባር የለም።

ኔሎ እባላለሁ። ባሯ የአባቴ ነበረች፣ አሁን የእኔ ናት። በየዓመቱ በግንቦት የመጨረሻ እሁድ ከምሳ በኋላ በሩን ዘግቼ፣ መጋረጃውን ጋርጄ፣ ያረጀውን የካሴት ማጫወቻ ከጓዳ አወጣለሁ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሳላሚና ዳቦ ይዘው በጓሮ በር ይገባሉ። የምናየው ሁልጊዜ ያንኑ አንድ ጨዋታ ነው። ከትልቅ ከተማ የመጣ ቡድን ሜዳችን ላይ ዜሮ ለዜሮ ተለያይቶ የሄደበት፣ እኛም በአንዲት ነጥብ ከመውረድ የዳንንበት ጨዋታ። አርባ ዓመት ሆነው። ዛሬ ቡድኑ የለም፣ ሜዳው ላይም የዕቃ መጋዘን ተሠርቶበታል። ካሴቱ ግን አለ።

እንግዳ ሰው ያን ጨዋታ ቢያይ እንቅልፍ ይወስደዋል። የእኛ ልጆች በራሳቸው ጎል ፊት ተኮልኩለው ኳስ ስትመጣ ይመታሉ፣ ተመልሳ ስትመጣ ደግመው ይመታሉ። ይህን አጨዋወት በእኛ አገር መቀርቀሪያ ይሉታል። የእኛ መቀርቀሪያ ኦቶሪኖ ነበር፤ ሪኖ ነው የምንለው። ከተከላካዮቹ ሁሉ ኋላ ቆሞ ያመለጠውን የሚጠርግ፣ ቀጭን፣ ካልሲው ሁልጊዜ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የተጠቀለለ፣ ስድስት ቁጥር።

እኛ በጣም የምንወደው ክፍል ደግሞ ኳስ የሌለበት ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል እንግዶቹ በራችን ላይ ሰፈሩ። የበረኛችን ጣት ተሰብሯል፣ ልጆቹ ደክመዋል። ያኔ ሪኖ ኳሷን አገኛትና በቦዩ በኩል ባለው የሜዳው ግንብ ላይ አሻግሮ ለጋት። ሄደች፤ አልተመለሰችም። በዚያ ዘመን ኳስ እንደ ዛሬው እንደ ድንች በየጥጉ አይበተንም ነበር። ሌላዋ ኳስ ዕቃ ቤት ተቆልፎባታል፣ የዕቃ ቤቱ ሹም አርሚዶ ደግሞ ቁልፉን ፈልጎ ፈልጎ አጣው። ካሴቱ ላይ የሚታየው ወገቡን ይዞ የቆመ ሃያ ሁለት ሰው ነው። የእንግዶቹ ላብ ላያቸው ላይ ደረቀ፣ እርስ በርስ መነታረክ ጀመሩ። በመጨረሻ አርሚዶ ቁልፉን በተቀደደ ኪሱ አልፎ ከኮቱ ገበር ውስጥ አገኘው። ኳስ ሲመጣ ግን ሰዎቹ የቀድሞዎቹ አልነበሩም። ዳኛውም ባቡር እንዳያመልጠው የቸኮለ ይመስለኛል፣ ፊሽካውን ነፋው።

አርሚዶ ከዚያ ቀን ወዲህ ከቁልፉ ተለይቶ አያውቅም። ካሴቱን ስናይ በእጁ ጨብጦት ይቀመጣል፤ ብረት መንካት ገድ ነው። ሕጎቻችንንም ያወጣው እሱ ነው። እያንዳንዱ ሰው መጀመሪያ ካሴቱን ሲያይ የተቀመጠበት ወንበር ላይ ይቀመጣል። የሚመጣውን ቀድሞ የሚናገር ይባረራል። ፊሽካው ሳይነፋ ማንም ሰው "ተረፍን" አይልም፤ ሲነፋም ቀድሞ የሚለው ሪኖ ነው። የእኛ ሰው ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ ነው፤ አርባ ዓመት ያለፈውን ውጤት እንኳ ገና ይጠራጠራል። የመጨረሻው ሕግ ደግሞ የሪኖ ሚስት ዴልፊና እንዳትገባ የሚል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዴልፊና ገና እጮኛ ሳለች አዲስ ቀሚስ ለብሳ ሜዳ ገባች። ያን ቀን ሦስት ጎል ገባብን፣ አንዱ የሪኖን ቅልጥም ነክቶ ነው። አርሚዶ እዚያው ትሪቡኑ ላይ ቆሞ ፈረደ፦ "ይቺ ልጅ ገደ ቢስ ናት።" ከተማውም ተቀበለው። ሌላ ሴት ብትሆን ጫማዋን አውልቃ አናቱን ትለው ነበር። ዴልፊና ግን የልብስ ቁልፍ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች፤ ቀኑን ሙሉ የሸሚዝ ቁልፍ ስትበሳ የምትውል፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ንግግሯ አጭር። "ለቡድኑ ከጠቀመ እሺ" ብላ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ እግሯ ሜዳ አልረገጠም። እሁድ ብስክሌቷን ይዛ ትወጣለች፣ ማታ ከባሏ ጋር ትመለሳለች። የት እንደምትውል የጠየቃት የለም። እናቷ ዘንድ ነው ብለን ነበር።

እነሆ ሪኖን መርሳት ያዘው። ያወቅነው ገበያ ውስጥ ነው። አንድ ጠዋት ሪኖ ዓሣ ሊገዙ ከመጡት አንዱን ሰውዬ መርጦ ከኋላው ቆመ። ሰውዬው ወደ ግራ ሲል ሪኖም ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲል ሪኖም ወደ ቀኝ፣ አንድ እጁን ቀስ አድርጎ ጀርባው ላይ አሳርፎ። ተከላካይ አጥቂን እንደሚጠብቅ እየጠበቀው ነበር። የእኛ ከተማ ሰው ደግ ነው አልልም፤ ሐሜተኛ ነው፣ ቋጣሪ ነው። ሪኖ ሲጠብቀው ግን ቀጥ ብሎ ይቆምለታል። ዴልፊና መጥታ "ሪኖ፣ ዕረፍት ነው፣ እንግባ" ስትለው ሰውዬውን ትቶ ይከተላታል። ከቀን ወደ ቀን ከእሷ በቀር ማንንም አልከተል አለ። ለአንድ አፍታ ከዓይኑ ከራቀች ይፈራል፤ እንደ ሕፃን ነው የሚፈራው። እሷም ዳሌዋ ታሞ በምርኩዝ ነው የምትሄደው፤ ሲወድቅ ልታነሳው አትችልም።

ባለፈው ዓመት ካሴቱን ከምናይበት እሁድ በፊት ባለው ቅዳሜ ባሩ ባዶ ሳለ ዴልፊና ገባች። ምርኩዟን ባንኮኒው ላይ አጋደመችው።

"ነገ ሪኖ አይመጣም" አለች።

"ምን ማለትሽ ነው? ያለ ሪኖ ምኑን እናያለን?"

"ብቻውን አይቀመጥማ! ትናንት መታጠቢያ ቤት ገብቼ ስወጣ በሩ ላይ ቆሞ ሲያለቅስ አገኘሁት። ወይ አብሬው እገባለሁ፣ ወይ አይመጣም።"

"ዴልፊና፣ አርሚዶን ታውቂዋለሽ…"

"አውቀዋለሁ። ስማኝ ኔሎ። መስከረም ላይ የአረጋውያን ቤት ይገባል፤ ፈርሜያለሁ። ከዚህ በኋላ ካሴቱን አያይም፣ ቢያይም አያውቀውም።" ባንኮኒውን በመዳፏ ጠረገችው፤ ንጹሕ ነበር። "ሲጫወት አይቼው አላውቅም እኮ። አንድ ቀን ብቻ ነው ያየሁት፣ እሱንም ሦስት የገባበትን ቀን።"

ወይን ቀዳሁላት።

እሁድ አርሚዶ የመጣው እንደ ልማዱ ከሁሉ ቀድሞ ነው። ነገሩን ስነግረው ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

"እሷ ከገባች እኔ እወጣለሁ!"

"አርሚዶ፣ ጨዋታው ካለቀ አርባ ዓመቱ ነው።"

"እና? ካሴት አይበጠስም? ማሽን አይበላሽም? ባለፈው ዓመት ምስሉ ሲንቀጠቀጥ አላየህም?"

"የተንቀጠቀጠው አንተ ጠረጴዛውን ስለመታህ ነው።"

"አንተ ደግሞ አባትህ ያወቀውን የማታውቅ ከንቱ ነህ! ሪኖንም እወደዋለሁ፣ እሷንም አልጠላትም። ግን ሕግ ሕግ ነው።"

በዚህ መሀል ሪኖና ዴልፊና እጅ ለእጅ ተያይዘው በጓሮ በር ገቡ። ዴልፊና ሁሉንም ሰምታለች። ወንበር ሳበችና ለቴሌቪዥኑ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ከሪኖ ጋር ፊት ለፊት ተቀመጠች።

"እንዲህ ሆኜስ?" አለችው አርሚዶን። "ካላየሁት እኔ የለሁበትም።"

አርሚዶ ግራ ገባው። ቁልፉን አገላበጠው። "ወደ ኋላ ከዞርሽ ግን…"

"አልዞርም።"

እውነቱን ለመናገር በዚያ ሰዓት ተናድጄ ነበር። ባሏን አንዴ ለማየት የመጣች ሴት ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለውን የቢራ ማስታወቂያ እያየች ልትቀመጥ! ሪኖ ግን እጇን እንደያዘ ተረጋግቶ ስለነበር ካሴቱን ከተትኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በየትኛውም ዓመት አይተን አናውቅም። ሪኖ ውጤቱን አያውቅም ነበር። እኛ ስንጨነቅ በልማድ ነው፤ እሱ ግን ከልቡ ነው የሚጨነቀው። እንግዶቹ ወደ ጎሉ ሲጠጉ ትንፋሹ ይቆማል፣ ኳስ ሲወጣ "ኡፍፍ" ይላል፤ እኛም እሱን እያየን በእውነት መፍራት ጀመርን። ዴልፊና ጨዋታውን ከፊቱ ላይ ታነባለች። እጇን ሲጨብጣት "በግራ በኩል መጡ አይደል?" ትላለች፤ እውነትም በግራ ነው። ካሴቱ ላይ ያለው ሕዝብ ሲያጉረመርም "አሁን የማዕዘን ምት ነው" ትላለች፤ እውነትም የማዕዘን ምት ነው።

"ወደ ኋላ እያየሽ ነው!" አለ አርሚዶ።

"ድምፁን አውቀዋለሁ" አለችው ሳትዞር።

ከእረፍት በኋላ ያቺ ሰዓት መጣች። እንግዶቹ በራችን ላይ ሰፍረዋል። ሪኖ ከንፈሩ ደርቋል፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። "ይገባል፣ አሁን ይገባል፣ ምን ላድርግ?" ይላል። እንደማይገባ ሁላችንም እናውቃለን፤ ልንነግረው ግን ሕጉ አይፈቅድም። ስክሪኑ ላይ ስድስት ቁጥሩ ኳሷን አገኛትና ለጋት፤ በግንቡ ላይ አልፋ ሄደች። ሪኖ ከወንበሩ ብድግ አለ።

"ዴልፊና! ያዢያት!" ብሎ ጮኸ።

ወደ እሷ አላየም። የጮኸው ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ወደ ግንቡ ነው።

"ይዣታለሁ ሪኖ" አለች ዴልፊና። "ይዣታለሁ፣ ተቀመጥ።"

ተቀመጠ።

"ምኑን ነው የያዝሽው?" አለ አርሚዶ ቀስ ብሎ።

ዴልፊና ከሪኖ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል ተናገረች። "ያን ቀን ጠዋት ጫማውን አስሮ ይፈታ፣ ፈትቶ ያስር ነበር። 'ከጨነቀህ ወደ እኔ ምታት' አልኩት። ከቦዩ ዳር ዛፎቹ ሥር ነበርኩ። እሁድ እሁድ ሁልጊዜ እዚያ ነበርኩ፣ ከግንቡ ውጭ ቆሜ በጆሮዬ ነው የማየው። ኳሷ መጣችና ዛፉን መታ አድርጋ አጠገቤ ወደቀች። ብስክሌቱ ቅርጫት ውስጥ ከተትኳትና ወደ ድልድዩ ነዳሁ። አንድ ሰውዬ 'ሲኞራ፣ ኳሷን! ሲኞራ!' እያለ ከኋላዬ ሮጠ። አልሰማሁትም።"

"ኳሷስ?" አልኩኝ።

"አልጋችን ሥር ናት። አየሯ ወጥቷል።"

"አርባ ዓመት ሙሉ ዝም አልሽ?"

"መጀመሪያ ጨዋታው ይደገም እንዳይሉን ፈራን። በኋላ ደግሞ…" አለችና ወደ አርሚዶ አየች። "ምን ያደርጋል፤ ሆድ ይፍጀው አልን።"

አርሚዶ ቁልፉን መዳፉ ላይ አኑሮ ያየዋል። አርባ ዓመት ከተማውን ያዳነ ቁልፍ፣ ባንድ ጊዜ ተራ ብረት ሆኖበታል። ሁልጊዜ የምቀልድበት ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ግን አንጀቴን በላው።

"እና… ቁልፌስ?" አለ።

"ቁልፍህ ባይጠፋማ ሌላ ኳስ ወዲያው ይገባ ነበር" አለችው ዴልፊና። "እኔ ብቻዬን ምን እፈይድ ነበር? ሁለታችን ነን።"

ስክሪኑ ላይ ገና ሃያ ሁለቱ ወገባቸውን ይዘው ቆመዋል። አርሚዶ ከወንበሩ ተነሳ። ጨዋታው ሳያልቅ ከወንበር መነሳት! አርባ ዓመት ሽንቱን ይዞ የተቀመጠ ሰው ነው።

"አርሚዶ፣ ተቀመጥ እንጂ!" አልኩት፤ አፌ ቀደመኝ።

"ዝም በል አንተ!" ብሎ ወደ ዴልፊና ሄደ። "ተነሺ እስቲ አንዴ" አላትና ወንበሯን በሁለት እጁ አንስቶ ወደ ቴሌቪዥኑ አዞረላት፤ ከሪኖ ጎን፣ ትከሻ ለትከሻ። "እይ እንግዲህ። ከገባብን እኔ አለሁ።"

ኳስ መጣች። የቀረው ጊዜ ትንሽ ነው። ዴልፊና እጇን አፏ ላይ አድርጋ አየችው፤ ያን ቀጭን ሰው፣ ፀጉሩ ግንባሩ ላይ የተለጠፈ፣ ከሁሉም ኋላ ብቻውን ቆሞ በእጁ ግራ ቀኝ የሚያዝ። አንድ ረጅም ኳስ ሲመጣ ዘሎ በግንባሩ ሲመልሳት ትንሽ ድምፅ አወጣች፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አላውቅም።

"ካልሲው" አለች። "በላስቲክ እሰረው ብዬው ነበር እኮ።"

ሪኖ ወደ ስክሪኑ ጠቆመ። "ያ ስድስት ቁጥሩ ማነው?"

"ባሌ ነው።"

ሪኖ በሙያ ሰው ዓይን ሰውዬውን ረጅም ጊዜ አየው። "ጎበዝ ነው" አላት። "አትልቀቂው።"

"አልለቀውም" አለችው።

ፊሽካው ተነፋ። የሪኖን ቃል እየጠበቅን ነው። እሱ ግን ተራው መሆኑን ረስቶታል፤ ሁላችንንም አንድ በአንድ አየንና ወደ ሚስቱ ዞረ። "ተረፍን እንዴ?" አላት። "ተረፍን" አለች ዴልፊና። ብርጭቋችንን አነሳን፤ አርሚዶ መሃረቡን አወጣና ጉንፋን ይዞኛል አለ።

መስከረም ላይ ሪኖ ከከተማው ዳር ያለው የአረጋውያን ቤት ገባ። ምግቡ ደህና ነው፣ ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ ፎቅ ላይ ነው፣ መስኮቱ ወደ ጓሮው ያያል። ዴልፊና ጠዋት ጠዋት ትሄዳለች። ብዙም ሳይቆይ ነርሶቹ ስሞታ አመጡ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይፈራል፣ ሲፈራም ያገኘውን በመስኮት ይለጋል፤ ነጠላ ጫማ፣ ፖም፣ አንዴም የጎረቤቱን ሰው ሠራሽ ጥርስ። ምን እንደሚፈልግ ቢጠይቁት አይመልስም። ስለዚህ መስኮቱ ይቆለፍ ተባለ።

"አይቆለፍ" አለች ዴልፊና። እሷ ያወቀችውን እነሱ ከየት ያውቃሉ? ደንብ ነው፣ ይቆለፋል አሏት።

በማግስቱ የመስኮቱ ቁልፍ ጠፋ። ነርሶቹ ፈልገው ፈልገው አጡት። ያን ቀን አርሚዶ ሪኖን ሊጠይቅ ሄዶ ነበር። እኔ በሰው ነገር አልገባም፤ የኮቱ ኪስ ግን ዛሬም እንደተቀደደ መሆኑን አውቃለሁ።

አሁን ዴልፊና የምትሄደው ከሰዓት በኋላ ነው። አርሚዶ ወንበር ይሸከምላታል፤ ከመስኮቱ ሥር ከአጥሩ ማዶ ያስቀምጥላታል። የድሮውን የብስክሌት ቅርጫት ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። ባለፈው ሳምንት እኔም ባሩን ዘግቼ አብሬያቸው ሄድኩ። ፀሐይዋ ጣሪያው ላይ ስትደርስ መስኮቱ ተከፈተና አንድ ነጠላ ጫማ አጥሩን አልፎ መጥቶ ሣሩ ላይ ወደቀ። አርሚዶ አንስቶ ቅርጫቱ ውስጥ ከተተላት። ዴልፊና በምርኩዟ ተደግፋ ተነሳች፣ ቅርጫቱን ከፍ አድርጋ አሳየችው።

"ይዣታለሁ ሪኖ!" ብላ ጮኸች።

ፎቅ ላይ ሪኖ በእጁ ምልክት ሰጣት፤ ተከላካዮቹን ወደ ቦታቸው ሲመልስ እንደሚያደርገው። ከዚያ መስኮቱን ራሱ ዘጋው።